የዘይነባ ፖስታ ቤት

ከኮምቦልቻ የወጣሁ ማታ ሚስቴ ሻንጣዬን በበሶ ስትሞላ፣ ልጄ ሐያት ስልኬን ነጥቃ ኢሜይል ከፈተችልኝ። «አባዬ፣ ደብዳቤ እዚህ ይገባልሃል» አለችኝ። በሶው ሳምንት አልቆየም፤ ኢሜይሉ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አሳሬን አበላኝ።

ዱባይ አጠገብ አጅማን፣ አል ራሺዲያ፣ ቢድ ስፔስ ገባሁ፤ አልጋ ብቻ የሚከራዩበት የጋራ ቤት ማለት ነው። የኮምቦልቻን ፀሐይ እዚህ ቢያመጧት እንደ ማራገቢያ ታገለግል ነበር። የወንዶች ክፍል አለ፣ የሴቶች ክፍል አለ፣ ፍሪጁ ግን የሁላችንም ነው። አገር ቤት በርበሬ ከጎረቤት እንበደራለን፤ እዚህ ቲማቲም ላይ ስም ይጻፋል። ስም ያልተጻፈበት የኔ ኢሜይል ብቻ ነበር። የሌላው ሁሉ ይለፍ ቃሉ ስለጠፋበት፣ ሹግል፣ ሥራ፣ የሚፈልግ ሁሉ ለኤጀንሲው የኔን አድራሻ ይሰጣል። ኢንቦክሴ ከዱባዩ ናይፍ ገበያ ባሰ። ያልተከፈተው መልእክት ከወሎ ሕዝብ ይበልጣል፣ ዋላሂ!

አንድ ጁምዓ ቆርጬ ተነሣሁ። እንደ ፍሪጁ መደርደሪያ በየሰዉ ስም ፎልደር ከፈትኩ። ቀጥሎ ፊልተር የሚሉትን አገኘሁ፤ አንዴ ካዘዙት ደብዳቤ እየለየ፣ ያለ ደመወዝና ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ የሚሠራ ሠራተኛ ነው። ማስታወቂያ ሁሉ ከግርጌው «አንሰብስክራይብ»፣ ከእንግዲህ አትላኩልኝ፣ የምትል ቃል እንዳለችው ደርሼበት ነበርና፣ እሷ ያለችበት ሁሉ በቀጥታ ቆሻሻ ውስጥ ይግባ አልኩ። ኸላስ! በማግሥቱ ኢንቦክሴ የማዳም ሳሎን መሰለ።

ከሴቶቹ ክፍል ዘይነባን፣ ዱባይ ሚርዲፍ ሰፈር ልጅ ስታሳድግበት የኖረችው ቤት፣ ልጆቹ ስላደጉ አሰናብቷታል። ሻርጃ ያለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት አነጋግሯት፣ መልሱን በኢሜይል እንልካለን ብሏታል። ሥራው ካልተገኘ ቪዛዋ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ወደ አገር መመለሷ ነው።

«ጋሽ ሰይድ፣ ዛሬም የለም?»

«የለም። ኢንቦክሱ ጥርት ብሏል።»

«መጥራቱን ማን ጠየቀዎት?»

ሐሙስ ጠዋት ራሷ መዋዕለ ሕፃናቱ ጋ ደወለች፤ ስፒከር ላይ አድርጋው እሰማለሁ። የቢሮው ሴትዮ «እሑድ ልከናል። ዛሬ እስከ ቀትር ካልመለስሽ ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን» አለቻት።

«አልደረሰኝም እኮ!»

«ለሚስተር ሰይድ ነው የላክነው። ባልሽ ነው?»

«ፖስታ ቤቴ ነው!» አለች ዘይነባ፣ በዓይኗ እየበላችኝ።

ሰርች ላይ ስሟን ጻፍኩ። ምንም።

«ቆሻሻውንም ይጨምሩበት!» ብላ ጮኸች።

ጨመርኩ። ደብዳቤው ከጫማ ቅናሽና ከፒዛ መሐል ተጋድሟል፤ ያቺ «አንሰብስክራይብ»ም ከግርጌው ተኮፍሳ ተቀምጣለች። ለቀትር ሩብ ጉዳይ ሲል ዘይነባ ስልኩን ነጥቃኝ «ተቀብያለሁ» ብላ በገዛ ጣቷ መለሰች። ከዚያ «አይቀየሙኝ፣ የራሴን ልክፈት» አለችኝ።

ወሬው ሲሰማ ሁሉም የየራሱን ከፈተ። ፎልደሮቼ ስም ብቻ ይዘው ቀሩ። ፊልተሩን አጠፋሁት፣ ማስታወቂያ እንኳ ይምጣልኝ ብዬ። በራሴ ስም በከፈትኩት ፎልደር ውስጥ የተረፈችው አንዲት መልእክት ናት፤ ሐያት የወጣሁ ማታ ለሙከራ የላከቻት። «አባዬ፣ ደረሰህ?» ትላለች። ሳትከፈት ነው የቆየችው።

ደወልኩላት።

«ሐያትዬ፣ ያ ኢሜይልሽ ደርሶኛል።»

«የቱ?»

«የወጣሁ ማታ የላክሽው።»

«ታዲያ ምነው እስካሁን?»

«እያጸዳሁ ነበር» አልኳት።

«እሺ፣ ሌላ እልክልሃለሁ» ብላ ስልኩን ለእናቷ አቀበለች።

ከዚያ ወዲህ ኢሜይሌን በየሰዓቱ እከፍታለሁ፤ ቆሻሻውንም ጨምሬ።