የአጎቱ ማሳ ርክክብ

ሰፈሩ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ጎርጓሪው» ነው የሚሉት። የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ነው። ድንጋይና ማዕድን ሲወጣበት የኖረ መሬት ጉድጓዱ በወጉ ተሞልቶ፣ ለም አፈር ለብሶ ለባለቤቱ መመለሱን የሚያረጋግጠው እሱ ነው። ታዲያ ይህ ሰው ተጋብዞ በሄደበት ቤት እንኳ የአበባ ማሰሮ ካየ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሳይሰካ አይቀመጥም። ሚስቱ «እባክህ ዛሬ እንኳ አታሳፍረኝ» ብላ ሳትለምነው ከቤት አይወጡም። እሱ ግን ግድ የለውም፤ ሥራውን ይወዳል። የሚወደውን እየሠራ ደመወዝ የሚቀበል ስንት ሰው አለ?

የሰሞኑ ርክክብ ግን እንቅልፍ ነሥቶታል። ማሳው የአጎቱ ነው፤ አጎቱ የአባቱ ታናሽ ወንድም ናቸው። አንድ ድርጅት ድንጋይ ሊያወጣበት ማሳውን ሲወስደው ጎልማሳ ነበሩ፤ አሁን ከዘራ ይዘዋል። ግቢያቸውን በቆርቆሮ በተተከለ የብርቱካን ችግኝ ሞልተው፣ «ዝናቡ ሳያልፍ ልተክል ነው» እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ አድርቀውታል። ጎርጓሪው «ዘመዴ ናቸው፣ ሌላ ሰው ይሂድ» ብሎ ቢያመለክት አለቃው ሳቁበት።

«ባልደረባህ አብራህ ትፈርማለች። ደግሞ ለአጎትህ ብታዳላ የሚጎዱት እሳቸው ናቸው» አሉት።

ማሳው ላይ ሲደርስ ደስ አለው። ጉድጓዱ የት እንደነበር እንኳ አይታወቅም። ሣሩ ለምልሟል፤ መሬቱ እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሏል።

«ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ ብለን ሣሩን ከመዝራታችን በፊት በሮለር ደጋግመን ጠቅጥቀን አሳመርነው!» አለ የድርጅቱ ፎርማን፣ ሽልማት እንደሚጠብቅ ሰው ደረቱን ነፍቶ።

የጎርጓሪው ፊት ቅጭም አለ። ቀጭን ብረቱን አውጥቶ መሬቱ ላይ ሰካው። ስንዝር ያህል ገባና ቀጥ አለ። ቦታ ቀየረ፤ ያው ነው። ባልደረባውም ወዲያ ማዶ ሞክራ ራሷን ነቀነቀች። ለሣር ስንዝር አፈር ይበቃዋል፤ ብርቱካን ግን ሥሩን የት ይሰዳል? ለዓይን እንዲያምር ሲጠቀጠቅ መሬቱ ደድሯል። እንደገና በዶዘር ጥርስ ከሥሩ ይፈለጥ ከተባለ ደግሞ የዘንድሮው ዝናብ ያልፋል።

«አንፈርምም» አለ።

ፎርማኑ ክው አለ። «እኛ እኮ ለእናንተው ብለን ነው!» ምስኪን፣ እውነቱን ነው።

ይህን ሲባባሉ አጎቱ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ደረሱ። ጎርጓሪው የሆነውን ሁሉ ነገራቸው።

«አንተ ልጅ፣ ጤና የለህም? ይኸው ለምልሞ አይደል እንዴ?»

«ጋሼ፣ ችግኞቹ ዘንድሮ ይጸድቃሉ። ከዚያ ግን አንድ በአንድ ይደርቁብዎታል። አንድ ዓመት ብቻ ይታገሱ።»

«የዛሬ ዓመት መኖሬን በምን አወቅህ?»

አንጀቱን በሉት። አንዲት ፊርማ ናት፤ ተክለው፣ ውኃ አጠጥተው፣ ቀሪ ዕድሜያቸውን ደስ ብሏቸው ቢያሳልፉ ማን ይጎዳል? እንዲህ አሰበና በራሱ አፈረ። እኚህ ሰው በቁማቸው ችግኛቸው ሲደርቅ ቢያዩስ?

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፤ አልችልም» አለ አቀርቅሮ።

ሽማግሌው ማሳቸውን ዳር እስከ ዳር ሲያዩ ቆዩ።

«አባትህም እንዲሁ ነበር። ቢያለቅሱበትም አይዋሽም» አሉ። ወዲያው ወደ ፎርማኑ ዞረው ጮኹበት፤ «ምን ቆመህ ታየኛለህ? ማሽንህን አስነሣ እንጂ!»

ፎርማኑ እየሮጠ ሄደ። ሽማግሌው የወንድማቸውን ልጅ ትከሻ ተደግፈው ከማሳው መውጣት ጀመሩ።

«እንግዲህ» አሉት እየተነጫነጩ፣ «ባንተ ጦስ ዘንድሮ መሞቴም ቀረ።»