በመነጽሩ ውስጥ የሞተው ሰው

ኡዘይር ጎንደር ተወልዶ ያደገ፣ ከጨርቅ ነጋዴ ቤት የወጣ ሐኪም ነው። በ2010 ዓ.ም. የቀዶ ሕክምና ትምህርቱን እየተከታተለ ሳለ፣ ከውጭ የመጡ እንግዶች ለመለማመጃ የሚሆን ጥቁር መነጽር ይዘው መጡ። ዐይን ላይ ሲጠለቅ ክፍሉ ይጠፋና የኦፕራሲዮን ጠረጴዛና የተኛ በሽተኛ ይታያል። በእጅ የሚጨበጠው መያዣ ደግሞ ቢላ ይሆናል።

ኡዘይር የሐሞት ከረጢት ሊያወጣ ገባ። ምን እንደቆረጠ ሳያውቀው ደሙ ገነፈለ። ቁስሉን ቢጫነው፣ ቢጫነው ከእጁ ሥር አየር ብቻ። የልብ ምቱ ድምፅ ተቋረጠና “በሽተኛው ሞቷል” የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ።

“ለዚህ አይደል የመጣልን? እንደገና ጀምር” አሉት መምህሩ ዶክተር ላቀው፣ እየሳቁ።

ኡዘይር መነጽሩን አወለቀ። ለሌለ ሰው ማዘን ያሳፍራል፤ አለማዘንም አቃተው።

ቤት ገብቶ እህል አልወርድ አለው። እናቱ ዙህራ ፊቱን አዩት።

“ምነው ልጄ? ሰው ሞተብህ እንዴ?”

“አዎ… አይ፣ አልሞተም።”

“ታዲያ ተረፈ?”

“አልተረፈም እማ። መጀመሪያም አልነበረም።”

ዙህራ ሻሻቸውን አስተካከሉ። “ኢና ሊላሂ! የማን ልጅ ነው? ለተዕዚያ ልሂድ? ለቅሶ ልድረስ?” አሉ። ኡዘይር ይሳቅ ያልቅስ ግራ ገባው።

በሳምንቱ ከመካነ ብርሃን የመጡ አያ ክንዱ የሚባሉ ገበሬ ለዚያው ለሐሞት ከረጢት ሕመም እውነተኛው ጠረጴዛ ላይ ተኙ። “በል ልጄ፣ ሸጋ አርገህ ሥራው” አሉትና ማደንዘዣው ወሰዳቸው።

ሆዳቸው ሲከፈት ይሞቃል፣ ያዳልጣል። ኡዘይር የሚቆረጠው የሐሞት ከረጢቱ ቱቦ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። የመነጽሩ ሰው ከዚህኛው ጋር ተደባለቀበት።

“ዶክተር፣ የቱ እንደሆነ አልታየኝም” አለ።

ላቀው ጠጋ አሉ። “በዐይንህ ብቻ አትፈልገው። ዳስሰው።”

ዳሰሰ። ከጣቱ ሥር የደም ሥር ትር ትር አለ። ከእሱ ራቅ ብሎ ቱቦውን ለየ፤ ላቀው በአዎንታ ራሳቸውን ሲነቀንቁለት አስሮ ቆረጠ።

አያ ክንዱ ዳኑ። ኡዘይር ግን ደስታው አልመጣለት አለ፤ ለዳነው ሳይደሰት ላልነበረው አዘነ። የትኛው እንዳስተማረውም መለየት አቃተው።

ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ከሆዳቸው የወጣውን ጠጠር በብልቃጥ ይዘው ነበር።

“ይሄ ነው ያን ሁሉ ያሰቃየኝ?”

“አዎ፣ አያ ክንዱ።”

“አይመስልም እኮ።”

ኡዘይር ብልቃጡን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። በገዛ እጁ ያወጣው ነው። ለእሱም እውነት አልመስል አለው።