ሐቀኛ ቁና ፍለጋ ወደ እንጦጦ

ከላምበረት መናኸሪያ ጀርባ የመጀመሪያውን የኮምፒውተር ቤት የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሌላ ነኝ ባይ ካለ ይዋሻል። አስተማሪ አልነበረኝም። የወታደሩ መንግሥት በወደቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተበላሸ ኮምፒውተር በጨረታ ገዛሁና መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ ዘርግቼ ክረምቱን ሙሉ ስፈታውና ስገጥመው ከረምኩ። መስከረም ላይ ሲበራ እኔም አብሬው የበራሁ መሰለኝ። እስከ ዛሬ አልጠፋሁም።

ቀጥዬ ለእህል ነጋዴዎች የሽያጭ ፕሮግራም ሠራሁ። ዝናዬ እስከ መሪ ሰፈር ደረሰ። ታዲያ በየወሩ ይጠሩኛል፤ "ጋሼ፣ የጤፉን ዋጋ ይቀይሩልን።" አንድ ቀን ቁጥሩን እየቀየርኩ ሳለ ነገሩ በራልኝ። ጤፉ ያው ጤፍ ነው፤ የሚጠበው ብሩ ነው። ነጋዴ ቁናውን ቢያጠብ እንከሰዋለን፤ ብር ሲጠብ ማንን እንከሳለን? ይህን ከማንም አልሰማሁም፣ ከራሴ አመነጨሁት። ብር በጎተራ ባለው እህል ልክ ብቻ ይታተም ብዬ በግሌ ለምክር ቤት ልወዳደር ቆረጥኩ። የምርጫ ምልክቴም ቁና ሆነ።

የግል ተወዳዳሪ ለመመዝገብ የነዋሪዎች ፊርማ ማሰባሰብ አለበት። በመጨረሻው ቀን አንድ ጎረቤቴ ከወዳጅነት ብዛት ሁለቴ ፈርሞ ተገኘና አንድ ፊርማ ጎደለኝ። የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል።

ቤቴ ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ ነው። ቅጹን፣ የአሻራ ቀለሙንና ቁናዬን ይዤ ወጣሁ። ጉም ከእንጦጦ ወርዶ ባሕር ዛፉን እስከ ወገቡ ውጦታል። ከጉሙ ውስጥ አንድ ሸክም እንጨት ብቻውን እየተራመደ መጣ። ሲቀርብ ከሥሩ በዕድሜ እኔን የምታህል ሴት አለች።

"እናቴ፣ አንድ ፊርማ ይስጡኝ።"

"ምን ሊሆንዎት?"

ሸክሟን ከዳገቱ ጋር አስደግፋ የብርን ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማችኝ። ከዚያ ቁናዬን ተቀብላ ገለበጠችውና ሳቀች።

"ይችን ከየት አመጧት?"

"ከገበያ። አዲስ ናት።"

"እስቲ እጅዎን ይስደዱ።"

ሰደድኩ። ወለሉ እንደ ሻኛ ወደ ላይ አብጧል።

"የሰፋቻት ሴት ሆን ብላ ነው። ነጋዴ ሲገዛ በሌላ፣ ሲሸጥ በዚች ነው የሚሰፍር። ጉድ ነው! ኮምፒውተር ፈትተው የሚገጥሙ ሰው ቁና አያውቁም?"

ቁናውን ተቀብዬ ወለሉን እንደገና ዳሰስኩ።

"በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፣ ጌታዬ። በዚችስ አልፈርምልዎም። እናቴ የሰፋችው ደህና ቁና ቤቴ አለ። ይምጡ፣ ያስተያዩ። ያን ጊዜ እፈርማለሁ።"

"ቤትዎ ሩቅ ነው?"

"እላይ ነው። እግር ካለዎት ቅርብ ነው።"

ከታች የአውቶቡሶቹ ጡሩንባ ይሰማል። ወርጄ አንድ ቆሎ ሻጭ ባስፈርም ወዲያው እጩ ነኝ። ግን ያ ቁና ብብቴ ሥር ከበደኝ። እኔ ነኝ በውሸት ቁና ስለ እውነተኛ ብር የምሰብክ? ከሸክሟ ጥቂት እንጨት ተቀብዬ ሽቅብ ተከተልኳት።

ስንወጣ ጉሙ ከኋላችን ተዘጋ። ከሥራችን ከተማም ጽሕፈት ቤትም ያለ አይመስልም ነበር፤ የባሕር ዛፍ ሽታና የእግራችን ድምፅ ብቻ። ስንት ሰዓት እንደሄድን ዛሬም አላውቅም።

ደጇ ላይ የእናቷን ቁና ገብስ ሞልታ ወደኔው ቁና ገለበጠችው። የኔው ሞልቶ ገብሱ መሬት ፈሰሰ። ዶሮዎች ተሯሯጡ።

"አዩ?" አለችኝ።

"አየሁ።"

ቅጹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አውራ ጣቷን አሳረፈች። ጀምበር ገብታ ነበር።

በማግሥቱ ጽሕፈት ቤቱ ቀኑ አልፏል ብሎ ቅጹን አልተቀበለኝም። ስለዚህም ሕዝብ በድምፁ ጥሎኝ አያውቅም፤ በየካ ይህን በሙሉ አፉ የሚናገር ፖለቲከኛ እኔ ብቻ ነኝ። ቅጹን ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ጉም በወረደ ጠዋት መነጽሬን አድርጌ የሴትዮዋን አሻራ አየዋለሁ። መስመሮቹ ልክ እንደ ቁና ስፌት ከመሃል ተነሥተው እየዞሩ ይሰፋሉ፤ አንዱም ወደ ውስጥ አላበጠም።