ስጮህ ጥሩኝ

ሰፈሩም ደንበኛውም «ጋሼ ባትሪ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን ያን ስም የሚያውቁት መታወቂያው፣ ሚስቱና እህቱ ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሠራው አንድ ሥራ ነው። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩና ማሽኑ ድንገት እንዳይሞት ለጥቂት ደቂቃ ደግፎ የሚያቆየውን ሣጥን፣ ዩፒኤስ የሚባለውን፣ ይጠግናል። ሣጥኑ አሥር ጊዜ ቢበላሽ ዘጠኙ የባትሪ ጣጣ ነው። ስለዚህ ባትሪ ሆኖ ቀረ።

ደንበኞቹ አሳሩን ያሳዩታል። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ የውሃ ማፍያዋን ዩፒኤሱ ላይ ሰክታ «ሻይ ሳፈላ ለምንድነው የሚጮኸው?» ብላ ከከተማው ዳር አስመጥታዋለች። አንድ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ሣጥኑ ላይ የአበባ ማሰሮ አስቀምጦ በየጠዋቱ ውሃ ያጠጣ ነበር፤ አበባው ለመለመ፣ ሣጥኑ ተቃጠለ። ጋሼ ባትሪ ይህን ሁሉ ይታገሣል። ያበጠ ባትሪ ከቤቱ አልወጣ ሲለው እንኳ አይቆጣም፤ «ያኮረፈ ሰው በጉልበት አይወጣም» እያለ ቀስ ብሎ ያባብለዋል።

የማይታገሠው ጩኸት ማፈንን ነው። ባትሪው ሲደክም ሣጥኑ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። ሰው ይሰለቸውና ድምፁን ያጠፋዋል። ከወር በኋላ መብራት ሲሄድ ሣጥኑም አብሮ ይሄዳል። «ሕፃን ሲያለቅስ አፉን ታፍናላችሁ?» ብሎ ይቆጣና ከኪሱ አንዲት ወረቀት አውጥቶ ሣጥኑ ግንባር ላይ በሙጫ ይለጥፋል። ወረቀቷ ላይ በእጅ ጽሕፈቱ «ስጮህ ጥሩኝ» ይላል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥሩ አለ። የሚጮኸው ሣጥኑ፣ የሚጠራው እሱ። ሰዋስው የሚያውቁ ደንበኞች ይሥቁበታል።

ሁለት ሕግም አለው። አንደኛው፣ አዲስን ከአሮጌ አታጋባ። ባትሪዎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚሠሩት፤ ከአራቱ አንዱ ከሞተ አራቱንም ትቀይራለህ እንጂ ለሦስት ያረጁ አንድ ጎረምሳ አትጨምርም። ሁለተኛው፣ ሳታሸክም አትመን። ባትሪ አርፎ ሲለካ ሁሉም ጤነኛ ነው፤ ቴስተሩ ላይ አሥራ ሁለት ቮልት ተኩል ያስነብብና ሥራ ሲሰጡት ወገቡ ይቆረጣል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው እናቱ ቤት ሌላ ነገር ያደረገው።

እናቱ ሳንባዋ ደክሞ ነበር። ኦክስጅን የሚያመርት ማሽን ከአልጋዋ ራስጌ ቆሞ ቀንም ሌሊትም በቀጭን ቱቦ ይተነፍስላታል። ማሽኑ የሚሠራው በመብራት ነው፤ ሁለተኛ እጅ ስለሆነ የራሱ ማስጠንቀቂያ አይሠራም። ስለዚህ ጋሼ ባትሪ ለአርባ ደቂቃ የሚያቆይ ዩፒኤስ ገጠመለት። መብራት ሲጠፋ ሣጥኑ ይጮሃል፣ አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቱ ትሰማለች፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩን ከጓዳ አውጥታ ቱቦውን ወደ እሱ ታዞራለች። ነገሩ ይኸው ነበር።

አንድ ረቡዕ ሣጥኑን ሲከፍት ከአራቱ አንዱ ባትሪ አብጦ አገኘው። በቦርሳው ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው። እሱን ቀየረና «ሦስቱን ሰኞ አመጣለሁ» ብሎ ወጣ። ሣጥኑ በዚያው ማታ መጮህ ጀመረ። ቅዳሜ እህቱ ደወለች። እሱ ያን ጊዜ አንድ ማተሚያ ቤት ጠረጴዛ ሥር ተኝቶ ባትሪ መብራቱን በጥርሱ ነክሷል።

«ይሄ ሣጥንህ እኮ ይጮሃል» አለችው።

«ምንም አይደለም እትዬ» አላት መብራቱን ከአፉ አውጥቶ፤ «ጆሮ ዳባ ልበስ በይው። ሰኞ እመጣለሁ።»

እሑድ ከሰዓት መብራት ጠፋ። እህቱ ሌሊቱን ሳትተኛ ስላደረች ወንበሯ ላይ እንቅልፍ ጥሏት ነበር። ስትነቃ ማሽኑ ዝም ብሏል፤ እናታቸውም አልፋለች። ሐኪሙ «ቀኗ ደርሶ ነበር» አለ። ዘመድ ጎረቤቱም ይህንኑ አለ።

ጋሼ ባትሪ አላለቀሰም። በአራተኛው ቀን ሥራ ገባ። «ጠንካራ ነው» አሉ። ጠንካራስ አልነበረም፤ ምንም አልነበረም። ሻዩ ስኳር እንዳለው የሚያውቀው ሲያማስል እጁን ስላየው ነው። ሚስቱ ሱሪው በአሲድ ወንፊት መሆኑን እያነሣች ልታሥቀው ትሞክራለች፤ እሱም መሣቅ ያለበት ቦታ ላይ ይሥቃል። እንዴት ነህ ሲሉት ደህና ይላል። ስድስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አንድ ጥያቄ ብቻ እንደ ሚስማር ተሰክቶበታል፤ ያን ዕለት ሣጥኑ ስንት ደቂቃ ቆየ? አርባውን ቆይቶ ከሆነ ሐኪሙ እውነቱን ነው። ካልቆየ ግን እናቱን ያን ቀን የገደላት የሱ ቸልተኝነት ነው። ከፍቶ ለክቶ ማወቅ ይችል ነበር። አልከፈተውም።

ከዚያ እህቱ ደወለች። ጎረቤቷ የሆኑት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ሳንባቸው ታሞ ኦክስጅን ታዞላቸዋል።

«ማሽኑንም፣ ሣጥኑንም፣ ሲሊንደሩንም እንስጣቸው ብያለሁ። ልጃቸው ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ ትወስዳለች። ከዚያ በፊት ናና እየው።»

«ደህና ነው፣ ስጫቸው» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። የሰውዬው ሳንባ ትዝ አለውና ዋጠው። «እመጣለሁ» አለ።

ቅዳሜ ሲሄድ አራት አዳዲስ ባትሪ በቦርሳው አዝሎ ነው። ሳይለካ እንዲህ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ውጤቱን ልቡ ያውቀዋል።

ክፍሉ ተጠርጎ አልጋው ተነጥፏል። ሣጥኑ ግን ከግድግዳው ሶኬት አልተነቀለም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም አልነካውም። ተንበርክኮ ሊፈታው ሲል ድምፅ የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎ አየ። በጣቱ ጫን አለው። ከሥሩ ጥጥ ተጠቅጥቋል። ዞር ሲል እህቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።  ካቻቢቴውን አንሥቶ ብሎኑን መፍታት ጀመረ።

አርፈው ሲለኩ አራቱም ጤነኛ ነበሩ። ሁለተኛው ሕግ እንዳለ ሆኖ፣ ለአንድ አፍታ ሊያምናቸው ፈለገ። ከዚያ የኦክስጅን ማሽኑን ሣጥኑ ላይ ሰክቶ አስነሣው። ማሽኑ በለመደው አተነፋፈስ እፍ፣ እፍ ማለት ሲጀምር እህቱ ፊቷን ሸፍና ወደ ጓዳ ገባች። ሰው የሌለበት አልጋ ራስጌ ቆሞ ይተነፍሳል። ጋሼ ባትሪ የስልኩን ሰዓት አስጀምሮ የሣጥኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለ።

ሣጥኑ ከጥጡ ሥር እንደ ጫጩት ጮኸ። ከአሮጌዎቹ አንዱ ላይ ቴስተሩን ደግኖ ቁጥሩ ሲወርድ አየ። አሥራ አንድ። አሥር። ዘጠኝ። ስምንት ሊደርስ ሲል ሣጥኑ ቀጭ አለና ማሽኑ ትንፋሹን አቋረጠ። አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ።

አሁን አለቅሳለሁ ብሎ ጠበቀ። ምንም አልመጣም። በልማዱ ከቦርሳው ማርከር አውጥቶ የወደቀው ባትሪ ላይ «የሞተ» ብሎ ጻፈ፤ ሁልጊዜ እንዲህ ብሎ ነው ለይቶ የሚያስቀምጠው። ቃሉን ትንሽ አየው። የማርከሩን ክዳን መልሶ ገጠመ።

«ስንት ቆየ?» አለችው እህቱ፤ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማለች።

ደህና ነው ሊላት ይችል ነበር። አዲሶቹን ቀይሮ፣ አሮጌዎቹን በቦርሳው ከትቶ፣ ነገሩን ሁሉ ይዞት ሊሄድ ይችል ነበር።

«አራት ደቂቃ» አለ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ ያፈንኩት። ባላፍነው ያነቃኝ ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ ልነግርህ እልና አፌ ይያዛል። ፕላስተሩን ልላጠው እያልኩም እጄ እንቢ አለኝ።»

«የጮኸው በኔ ጥፋት ነው እትዬ። አንድ አዲስ ከሦስት አሮጌ ጋር አጋብቼ ሄድኩ። ለሰው ስከለክል የኖርኩትን። አራቱንም ብቀይር ኖሮ አይጮህም ነበር፤ አንቺም የምታፍኚው ነገር አይኖርም ነበር።»

ይህን ሲናገር ድምፁ ለደንበኛ እንደሚያስረዳ ሰው ነበር። እህቱ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

«ለጩኸቱ እኮ አልነበረም የደወልኩልህ» አለች። «እኔስ በሦስት ቀን ለምጄው ነበር።»

«ታዲያ?»

«እማዬ ናት ደውዪለት ያለችኝ። ‹ናፍቀሃታል አትበይው፣ ሥራ አለብኝ ይልሻል። ማሽኑ ይጮሃል በይው። ለማሽን ሲሆን ይመጣል› አለችኝ።»

ጋሼ ባትሪ ካቻቢቴውን መሬት አስቀመጠ።

«የስልኩን ድምፅ ከፍቼው ስለነበር ሰማችህ። ጆሮ ዳባ ልበስ በይው ስትል ሣቀች። እስክታስላት ሣቀች። ‹በይ እንግዲህ፣ ዳባ ከየት ይመጣል፣ ፕላስተርም ቢሆን አልብሺው› አለችኝ። እየሣቅን ነው የለጠፍነው።»

«ሌላስ ምን አለች?»

«ሰኞ ስንት ቀን ቀረው ብላ ጠየቀችኝ።»

 እሱ ቀና አላለም። አራቱን አሮጌዎች አንድ በአንድ አወጣ፤ ያን ረቡዕ ያስገባውን አዲሱንም ጭምር፤ እሱም ከሦስቱ ጋር ሲጎተት አልቋል። አራቱን አዲሶች አስገባ፤ ኬብላቸውን አሰረ፤ ሣጥኑን ሰክቶ እስኪሞላ ጠበቀ። ፕላስተሩን ሲልጠው ጥጡም ተከትሎት ወጣ። ሊጥለው አስቦ የቴስተሩ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ እንደገና ነቀለው። ጢጥ። ጢጥ። አሁን ድምፁ ክፍሉን ሞላው። እህትና ወንድም አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማሽኑ ሲተነፍስ፣ ሣጥኑ ሲጮህ አዳመጡ። አጥፋው አላለችውም። አርባ ሁለት ደቂቃ ቆየ።

አምስት ሰዓት ሲል የሹፌሩ ልጅ በሩን አንኳኳች። ሃያ ዓመት ይሆናታል፤ ዓይኗ እንቅልፍ እንዳጣ ያስታውቃል። ጋሼ ባትሪ ገመዱ የት እንደሚሰካ፣ መብራት ሲጠፋ ቱቦውን ወደ ሲሊንደሩ በስንት ደቂቃ ውስጥ ማዞር እንዳለባት ሁለት ጊዜ ነገራት። መጨረሻ ላይ ወረቀቷን አውጥቶ ሙጫ ቀባና ግንባሩ ላይ ለጠፋት። ሣጥኑ የእናቱ ሳለ እንዲህ ያለ ወረቀት ለጥፎበት አያውቅም ነበር፤ ልጅዋ ነኝ፣ ወረቀት ምን ያደርግላታል ብሎ።

ልጅቷ አነበበችውና ፈገግ አለች። «የምደውለው ሲጮህ ብቻ ነው፣ ጋሼ?»

«አይደለም» አለ። «ሳይጮህም ደውዪ። እኔ ሰኞ እመጣለሁ ካልኩሽ...»

ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልወጣ አለው። እንደገና ሞከረ። ሙጫውን በእጁ እንደያዘ በሩን ተደግፎ ወደ ታች ተንሸራተተና፣ የማያውቃት ልጅ እግር ሥር ተቀምጦ፣ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ልጅቷ ደንግጣ ጎንበስ ብላ ትከሻውን ያዘች፤ «አይዞዎት ጋሼ፣ ኧረ ይበቃዎታል፣ ዝም ይበሉ» አለችው።

እህቱ ከኋላ መጥታ የልጅቷን እጅ ቀስ ብላ አነሣች።

«ተይው» አለቻት፤ «ይጩህ።»