ሦስተኛው ጥያቄ

በእንስሳት ሕክምና ጣቢያው አንጋፋውን ሐኪም በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ሰው የለም። «ሦስቴ» ነው የሚሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዐይኑ የታወረ ውሻ፣ እግሩ የተሰበረ ፈረስ፣ ሆዷ የተነፋ ላም ሲያክም ኖሯል። የማይድነውንም በገዳይ መርፌ ከሥቃዩ ያሳርፋል። ቅጽል ስሙ የወጣለት ከዚሁ ሥራው ነው። ሌሎቹ ሐኪሞች ባለቤቱን አንዴ ጠይቀው፣ አስፈርመው ይወጋሉ። እሱ ግን ሦስት ጊዜ ሳይጠይቅ መርፌ አያነሣም።

ይህን ሕግ ያወጣው ራሱ ነው፤ ማንም አላዘዘውም። በሦስት የተለያዩ ቀናት «ቆርጠዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስቱንም ቀን «አዎ» የተባለለት እንስሳ ያርፋል። ባለቤቱ ቀድሞ ካነሣው ግን አይቆጠርም፤ ሰው ሲናደድም ሲደክመውም ብዙ ይላል ባይ ነው፣ ስለዚህ ጥያቄው ከሐኪሙ አፍ መውጣት አለበት። መልስ ያላገኘ ጥያቄም እንደ እምቢታ ይቆጠራል። በዚህ ሕግ የተነሣ ስንቱ ሰድቦት ሄዷል! ስንቱ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ዐይኑ አብጦ መጥቶ፣ ውሻውን አቅፎ ወደ ቤቱ ተመልሷል።

ባልደረቦቹ ሲፈጥራቸው ተረበኞች ናቸው። «አንተ ሦስቴ፣ ያቺን የጣቢያችንን ጸሐፊ ምነው ሳታገባት ቀረህ?» ይሉታል።

«ሁለቴ ጠየቅኳት፣ ሦስተኛውን ፈራሁ» ይላል።

ይስቃሉ፣ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። እውነትም ሁለቴ ጠይቋት፣ ሁለቴም እሺ ብላው፣ ሦስተኛውን ዛሬ ነገ ሲል ነው ሌላ ሰው ያገባት።

በሕጉ ከልቧ የምትኮራበት እናቱ ነበረች። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበረች ሥርዓት የሚባል ነገር ነፍሷ ነው። የራሷ ውሻ አርጅቶ መቆም ያቃተው ጊዜ እንኳ፣ ሐኪሙ ልጄ ነው ብላ ሕጉን ልትዘል አልሞከረችም። እንደ ማንኛውም ሰው ተሰልፋ ሦስት ቀን ተመላለሰች፤ ሦስቱንም ቀን ተጠይቃ መለሰች። በመጨረሻው ቀን የውሻውን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘችለት። ሲያበቃ «ተመስገን፣ ተገላገለ» አለችና እጇን ታጥባ ወጣች። ቤቷ ገብታ ግን እስኪመሽ አለቀሰች።

ከዚያ በሁለተኛው ዓመት፣ ሰማንያ ሁለት ሲሞላት፣ ካንሰር አጥንቷ ውስጥ ገባ። ሆስፒታሉ የሚችለውን ሞክሮ «ከእንግዲህ ቤቷ ትሁን» ብሎ አሰናበታት። ይህች አነጋገር ስትሰማ ደግ ትመስላለች። ሲተረጎም ግን እኛ ጨርሰናል፣ እንግዲህ እናንተ ቻሉት ማለት ነው።

ልብስ ሰፊ የሆነችው ታናሽ እህቱ የስፌት መኪናዋን ተሸክማ እናቷ ክፍል ገባች። በአንድ ጥግ የስፌት መኪናው፣ በሌላው የብረት አልጋው፣ መሐል ላይ የፕላስቲክ ሳፋ። እናትየውን ለማገላበጥ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። በተነካች ቁጥር ትጮኻለች፣ እህትየዋ ታለቅሳለች፣ እሱ ጥርሱን ነክሶ አንሶላውን ይጎትታል። ጀርባዋ ቆሳስሎ አጥንት ታይቷል። የምትውጠው ኪኒን ከሦስት ሰዓት በላይ አይዝላትም፤ የሚሰጣት ደግሞ በየስምንት ሰዓቱ ነው። የቀረውን አምስት ሰዓት ጣራ ጣራ እያየች ታቃስታለች።

አንድ ቀን ጠዋት ሾርባ በማንኪያ ሲያጎርሳት እጁን ያዘችው።

«ያን ውሻዬን እንዴት አድርገህ አሳረፍክልኝ፣ የኔ ልጅ!»

«እማዬ፣ ተይ እንጂ።»

«ምኑን ነው የምተወው? ለሱ ያዘንክለትን ያህል ለኔ አታዝንልኝም?»

«አንቺ ውሻ አይደለሽም።»

«አይደለሁማ! እሱ አፍ የለውም፣ እኔ ተናገርኩለት። እኔ ግን አፍ አለኝ፤ ይኸው ስለራሴ ራሴ እየተናገርኩ ነው።»

«ወንጀል ነው እኮ። ያስሩኛል።»

«መዝገብ ቤት የኖርኩት እኔ፣ ሕግ የምታስተምረኝ አንተ!» አለች፤ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «እሱስ እኔንም ያስፈራኛል። አንተን ማሳሰር አልፈልግም። ግን አልቻልኩም፣ አባቴ። በቃ አልቻልኩም። ጠይቀኝ። እንደ ልጄ አትጠይቀኝ፣ እንደ ሥራህ ጠይቀኝ።»

ሳይጠይቃት ወጣ። ኪኒን የሚያዝላትን ሐኪም ሄዶ ዙሪያ ጥምጥም ሲያናግረው፣ ሰውየው ገና ከጅምሩ ገባውና ብዕሩን አስቀመጠ። «ይህን ነገር አልሰማሁህም፣ አንተም አልነገርከኝም። ኪኒኗን በግማሽ እጨምርላታለሁ» አለው። ጨመረላትም። የሚይዝላት ሦስት ሰዓት አራት ሆነ።

የሚያንገበግበው የገዛ ንግግሩ ነበር። «ማሰቃየት ፍቅር አይደለም» እያለ ስንቱን ባለ ውሻ አጽናንቷል! አፉን ሞልቶ ነበር የሚለው። አሁን ያ ሁሉ ቃል የት ገባ? ለእህቱ ሲያዋያት መቀሷን አስቀመጠች።

«ነፍስ የሰጠ ራሱ ይውሰድ ነው የምለው» አለች። «ግን እሱን ተወው። ጋሼ፣ እኔን ሌላ ነገር ነው የሚያስፈራኝ። እኔ ደክሞኛል፣ አንተም ደክሞሃል። እሷን ልናሳርፍ ነው ወይስ እኛ ልናርፍ? እሱን መለየት ትችላለህ?»

«አልችልም» አለ።

እውነቱን ነው። ሕጉን ያወጣውም ለዚሁ ነበር፤ ሰው ስለ እንስሳው የሚያወራ እየመሰለው ስለ ራሱ ድካም ሲያወራ ስላየ።

በሳምንቱ፣ ሲያገላብጧት ራሷን ስታ የነቃች ቀን፣ አንጀቱ አልችል አለ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ዐይኗን ሳያይ «ቆርጠሻል?» አላት።

«አዎ» አለች።

ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ጠየቃት። «አዎ» አለችና ጣቷን አነሣች። «ሁለት ሆነ።»

ያን ቀን ሥራ ቦታ የመድኃኒቱን ሣጥን ከፍቶ ቆመ። የስንቱን ሥቃይ የጨረሰች ጠርሙስ፣ ከአውራ ጣቱ አትበልጥም። ሣጥኑን ቆለፈ።

ሦስተኛውን ጥያቄ ሳይጠይቅ አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ፣ አምስት ቀን አለፈ። በየጠዋቱ እየገባ ስለ ዝናቡ ያወራላታል፣ አጥር ዘሎ ስለጠፋ ፈረስ ያወራላታል። ነገር ዓለሙን ሁሉ ያወራና የምትጠብቀዋን አንዲት ቃል ብቻ ይዘላል። እሷም አላነሣችበትም። እንዲያውም ሰሞኑን ፀጉሯ ተበጥሮ፣ ንጹሕ ሻሽ አስራ ነው የሚያገኛት። የሚናገር አፉን ትኩር ብላ እያየች ታዳምጠዋለች። እሱም በልቡ፣ ቀልቧ ተመለሰ፣ ሐሳቧን ለወጠች አለ። ከትከሻው ላይ ሸክም የወረደለት ያህል ቀለለው።

በዐሥረኛው ቀን ለእህቱ «እማዬ ያን ነገር ተወችው መሰለኝ» አላት። እህቱ ቀና ብላ አየችው፤ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ስፌቷ ላይ አቀረቀረች።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ እህትየዋ ኪኒኗን ልታስውጣት ስትጠጋ፣ የእናቷ ግማሽ ፊት ወርዶ አገኘችው። አንጎሏ ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። ሐኪሙ መጥቶ አያት። «ከእንግዲህ አትናገርም» አለ። ቀጥሎም፣ ደግ ነገር የተናገረ መስሎት «ልቧ ግን እንደ ወጣት ልብ ነው፤ ገና ብዙ ትቆያለች» አለ።

ሐኪሙ እንደወጣ እህትየዋ በሩን ዘጋች።

«ጋሼ፣ ተወችው ያልከኝ... አልተወችም ነበር።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«በየጠዋቱ ፀጉሬን አበጥሪልኝ የምትለኝ ለምን መሰለህ? ‹ዛሬ ሳይጠይቀኝ አይቀርም፣ ሥርዓት ይዤ ልጠብቀው› እያለች ነው። ታዲያ ለምን አታስታውሺውም ስላት፣ ‹እኔ ካነሣሁት አይቆጠርም፣ ሕጉን አበላሽበታለሁ› አለችኝ። እንዳትነግሪው ብላ አስማለችኝ።»

ዝምታዋን እሱ መተው ነው ብሎ ደስ ሲለው፣ እሷ የራሱን ሕግ እያከበረችለት ነበር። በሕይወቱ ከጠየቃቸው ሰዎች ስንቱ ሕጉን ሲሰድብበት፣ እስከ መጨረሻው ያከበረችለት አንዷ እሷ ነበረች፤ እሱም በዚያው ቀጣት።

ወደ አልጋው ሄዶ ተንበረከከ። «እማዬ፣ ቆርጠሻል?»

አፉን አየችው፤ ያን ዐሥራ አንድ ቀን እንዳየችው አድርጋ አየችው። ከንፈሯ በአንድ በኩል ተንቀሳቀሰ። ምራቅ ብቻ ወረደ።

«አዎ ከሆነ ዐይንሽን ጨፍኚ።»

አንደኛው ዐይኗ ጭራሽ አይከደንም። ሌላው ተከደነ፣ ተገለጠ፣ እንደገና ተከደነ። የማንም ሰው ዐይን እንዲሁ ያደርጋል። ደግሞ ጠየቃት፤ ዐይኗ እንደተገለጠ እንባ ሞላ። ሊፈትናት «አትጨፍኚ» ቢላትም ጨፈነች። ቃሉ ይግባት አይግባት ማንም ሊነግረው አልቻለም።

መልስ ያላገኘ ጥያቄ እንደ እምቢታ ይቆጠራል። ይህን ያለው ራሱ ነው።

የመድኃኒት ሣጥኑን ቁልፍ ለሥራ ባልደረባው አስረከበ። ማንም አልቀለደበትም፤ ፊቱ የሚቀለድበት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር አልፏል። ሐኪሙ እንዳለው ልቧ ጠንካራ ነው። እህትየዋ በየጠዋቱ የእናቷን ፀጉር ታበጥራለች፣ ንጹሕ ሻሽ ታስርላታለች። እሱ ይገባል፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፣ «እማዬ፣ ቆርጠሻል?» ይላል። ባለ እንስሶቹን ይጠብቅ የነበረውን ያህል ይጠብቃል። አፉን ታየዋለች።

ከዚያ ምራቋን ይጠርግላትና ከእህቱ ጋር ለሁለት ሆነው ያገላብጧታል። ለመጮኽ ድምፅ አላት።