ከተዋናዩ ኋላ የሚያልፈው ሰው

ስለ አንድ እንግሊዛዊ ተዋናይ አዲስ ፊልም ልጽፍ በስደት በምንኖርባት በዎርዝንግተን ከተማ ሲኒማ ገባሁ። አጠገቤ የወሎዋ ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራ ተቀምጠዋል። ተዋናዩ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ይሠራ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ አንድም ሥራው አላመለጣቸውም።

«ምኑን ወደውለት ነው?» አልኳቸው ፊልሙ እስኪጀምር።

«እሱን ማን አየው! እኔ የማየው ከኋላው ያለውን ነው።»

ወንድማቸው ከማል ለንደን ሳለ ለዚያ ድራማ አላፊ አግዳሚ ሆኖ ተቀጥሮ፣ ከረጢት ይዞ ከተዋናዩ ኋላ አልፏል። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

«ይኼ ተዋናይ አልፎለት ትልቅ ፊልም ገብቷል፤ ከማልንም ያስቀጥረዋል። እኔን ዌርሃውስ ዕቃ መደርደር ያስቀጠረችኝ ቀድማኝ የገባች ያገሬ ልጅ አይደለች?»

«እትዬ፣ የፊልም ሥራ እንደዚያ አይደለም። አላፊ አግዳሚውን ከየደረሱበት ነው የሚቀጥሩት።»

«አንተ ዝም ብለህ እይ። እኔ ጀርባውንም ባየው ይበቃኛል።»

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ተዋናዩ በገበያ መሃል ሮጠ። ከኋላው አንድ ከረጢት የያዘ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። እትዬ ዘሀራ ብድግ ብለው «ከማል!» ሲሉ ጮኹ። ተመልካቹ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። አፍሬ እጃቸውን ይዤ ላስቀምጣቸው ስል ቀና ብዬ ስክሪኑን አየሁ።

ያየሁትን ነው የምጽፈው። ከረጢት የያዘውም ሰው ወደ እኛ ዞረ።