አንቱታ በስልክ

ሸሚዝ ያለህ ሁሉ ስማ፤ የሌለህም ተውሰህ ለብሰህ ስማ። በልብስ ንጽሕና ቤቱ የኋላ ክፍል ካውያ ስትገፋ የኖረችው፣ ሰፈሩ ሁሉ «እንፋሎት» የሚላት ሴትዮ፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ አንቱ ተብላለች። ክብሯን የነካ ወዮለት። ሹመቱን የሰጣት ግን ምክር ቤት እንዳይመስልህ፤ የማይታወቅ የስልክ ቁጥር ነው።

እስከዚያ ቀን ድረስ እንፋሎትን አንቱ ያላት ፍጡር አልነበረም። የቤቱ ጌታ፣ ሲወለድ የታቀፈበትን ጨርቅ የተኮሰችለት ጎረምሳ፣ «አንቺ፣ ኮሌታውን አደራ» እያለ ነው የሚያዛት። ደንበኛውም አንቺ፣ ዘበኛውም አንቺ። ልጇም አንቺ ትላታለች፤ የእሷ የፍቅር ነውና አይቆጠርም። ሴትዮዋ ሸብታለች። ክፍሉ ጭጋግ ስለሆነ አይታያቸው ይሆናል።

ከገበያ አዳራሽ ሳሙና ስትገዛ የዕጣ ኩፖን ሰጧት። ስሟንና ስልኳን ጻፈችና በሩ ላይ በቆመው የመስተዋት ሣጥን ውስጥ ከታ ረሳችው። ሣጥኑን የሚከፍተው ሰው ግን አልረሳትም።

ስልኩ ሲጮህ አንድ እጅጌ ላይ ውሃ እየረጨች ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ ነዎት ኩፖን የሞሉት?»

እንፋሎት ከኋላዋ ማን እንዳለ ዞር ብላ አየች። የተንጠለጠለ ኮት ብቻ ነው።

«ማንን ፈልገህ ነው የኔ ልጅ?»

«እርስዎን ነዋ። እንኳን ደስ አለዎት። ባሕር ዳርቻ ላይ ባለ ሆቴል፣ ለሁለት ሰው፣ የአንድ ሳምንት ሽርሽር ደርሶዎታል።»

ሰውየው ምላሱ ቅቤ ነው። ቁርሱን ዘረዘረ፣ በረንዳውን ዘረዘረ። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አንሶላውን ማነው የሚተኩሰው?»

«እርስዎ ጣትዎን አያነሱም። ይተኮስልዎታል።»

እዚህ ላይ አለቀላት። ሰው በገንዘብ ሲታለል አይተናል፣ በፍቅርም ሲታለል አይተናል፤ በግሥ መድረሻ ሲታለል ግን ይኸው አየን። «ይተኮስልዎታል።» እስቲ አንተስ ብትሆን ዕድሜህን ሙሉ የሰው ልብስ ስትተኩስ ኖረህ።

ታዲያ ክፍሉ እንዲያዝ ጥቂት ማስያዣ አስቀድማ በስልክ መላክ አለባት አላት። ደግሞ ይመለሳል። እንፋሎት ያላት ገንዘብ አንድ ብቻ ነው፤ ልጇ ነርስነት እንድትማር ለመመዝገቢያ ያጠራቀመችው።

«እማ፣ ሌባ ነው» አለች ልጇ።

«ሌባ እንዲህ አያከብርም።»

«ሌባ ነው እንጂ የሚያከብረው። ሌላው ሰው ምን ቸገረው?»

«አንቺ ደግሞ እናትሽ ስትከበር ያምሻል።»

«እኔን የሚያመኝ መመዝገቢያዬ ነው።»

«ትመዘገቢያለሽ። የሚመለስ ነው ብለውኛል።»

«ብለውኛል» አለች፣ ልብ በል። ጠዋት «የኔ ልጅ» ያለችውን ወሮበላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አንቱ ብላዋለች። ጉንፋን ብቻ መስሎህ ነበር የሚጋባው።

ለጌታዋም ነገረችው።

«እረፍት? አንቺ? ከምን?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። በኋላ ፈቀደላት፣ ያለ ደመወዝ።

ማስያዣውን ላከች። ቀጥሎ የቀረጥ ነው አሏት፣ ላከች። የመድን ነው አሏት፣ የቀረችውን ጠራርጋ ላከች። በመንገዱ ዋዜማ አንድ ነገር ቸገራትና ደወለች።

«ፎጣ ይዤ ልምጣ፣ ወይስ እዚያ አለ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ አትነዝንዢኝ» አለና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጠረቀመው።

 ከዚያ ልጇን ጠርታ፣ «ሌባ ነው» አለቻት።

«አሁን በምን አወቅሽ?»

«አንቺ አለኝ።»

በዚህ መለኪያ ከሄድን ከተማችን በሙሉ ሌባ ነው። እኔ በበኩሌ አልከራከራትም።

ፖሊስ ጣቢያም ሄዳለች። ተረኛው፣ «አንቺው ራስሽ ነሽ የላክሽው?» አላት። አዎ አለች። ምርመራው በዚህ ተጠናቀቀ።

ምዝገባው ተዘጋ። ልጅቷ አሁን ከእናቷ ጎን፣ ሁለተኛው ካውያ ላይ ቆማለች፤ ጣቷ እስኪለምድ ሁለቴ ተቃጥሏል። ጌታው ደስ ብሎታል፤ «እናትሽ ታሳይሽ» ብሎ የለማጅ ደመወዝ ቆርጦላታል። የእንፋሎት ቁጥር ደግሞ ከሌባ ወደ ሌባ ተላልፎ፣ ዛሬ መኪና ይደርሳታል፣ ነገ ቤት። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ፣ መተኮሷን ሳታቆም ታዳምጣለች። አምስት ሳንቲም አትልክም። የሚላክም የለ።

«ዝጊው እንጂ እማ» ትላለች ልጅቷ፣ ቀና ሳትል።

«ቆይ፣ አልጨረሱም።»

እንግዲህ ጌታዬ አንባቢ፣ ነገ ሸሚዝህን ልትወስድ መሄድህ አይቀርም። እንደ ልማድህ ኮሌታውን ገልብጠህ ታያለህ፣ ፊትህን ታጨማድዳለህ። አንድ ነገር ልለምንህ። ቀረጥ የለውም፣ ማስያዣም አልጠይቅህም። ለልጅቷ እንኳ ቢቀር፣ ለእናትየዋ፣ ሸሚዙን ከእጇ ስትቀበል አፍህን ከፍተህ አንዴ ብቻ «እግዜር ይስጥዎት» በላት።